የቅበላው ጉበት

«ዛሬስ ዐርፌ ዋልሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ከላይ እስከ ታች አየዋለሁ። ያረፈው እግሩ ነው፤ ወይም አፉ፣ እሱም ካስቻለው። የቀረው ገላው ተኝቶም ይሠራል። የበላነው ቆሎ በየህዋሳችን ውስጥ እንደ ጭራሮ ባንድ ጊዜ ቦግ ብሎ አይነድም፤ ቢነድማ ቁርሱን የበላ ሁሉ ተቃጥሎ ባለቀ ነበር። ከምግቡ የሚወጣው ኤሌክትሮን ቀስ እያለ ካንዱ ወዳንዱ ሲተላለፍ ነው ጉልበት የሚሆነን። ይህን የሚያስተላልፉት ኢንዛይሞች የቤተሰብ ስማቸው ኦክሲዶሪዳክቴዝ ነው። ስሙን ለመጥራት እንኳ ምሳ በልቶ መነሣት ይጠይቃል።

በደርግ ዘመን ላሊበላ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ይህንን የማስረዳው በቃሬዛ ነበር። ተራራ ላይ የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ እንዴት ይደርሳል? ያንዱ መንደር ሰው ተሸክሞ ለሚቀጥለው ያስረክባል፤ ያም ለሌላው። ኤሌክትሮንም እንደዚሁ ነው። ያስረከበው «ኦክሲዳይዝድ» ሆነ እንላለን፣ የተረከበው ደግሞ «ሪዲውስድ»። በየርክክቡ ጥቂት ጥቂት ጉልበት ይገኛል። የመጨረሻው ተረካቢ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ነው፤ እሱ ከጠፋ ተሸካሚው ሁሉ ሸክሙን እንደያዘ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰውም የሚሞተው ያኔ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ከዚያ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ቃሬዛ ያልተሸከመ ተማሪ አልነበረኝማ።

ወደ ራሴ ጣጣ ልመለስ። ሚስቴ ደሴ ነበረች። ልጃችን ድክ ድክ ማለት ጀምራ፣ እኔ ለእረፍት ስሄድ እንደ ቀማኛ አይታኝ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትደበቅ ነበር። ይሄ እንዴት እንደሚያም የሚያውቅ ያውቀዋል። ደሴ አዛውሩኝ እያልሁ ስለምን ኖሬ ኖሬ፣ በመጨረሻ «ተቆጣጣሪ መጥተው ስታስተምር ያዩሃል፤ ዝውውርህን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው» ተባልሁ። የሚመጡት ሰኞ ነው። ያ ሰኞ ደግሞ ዐቢይ ጾም የሚያዝበት ነበር።

ለተቆጣጣሪ ዐይን የሚሆን ነገር አላጣሁም። ህዋስ ሥራውን ሲሠራ ፐርኦክሳይድ የሚባል መርዝ ይተርፈዋል። ከነዚያው ከኦክሲዶሪዳክቴዞች አንዱ፣ ካታሌዝ የሚሉት፣ መርዙን ውኃና ኦክስጅን አድርጎ ይገላግለናል። ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥቡበት ውኃ መሳዩ መድኃኒት ይኸው ፐርኦክሳይድ ነው። ጥሬ ጉበት ጣል ቢያደርጉበት አረፋው ከብርጭቆው ገንፍሎ ይወጣል። እንግዲህ እሑድ፣ የቅበላው ዕለት፣ የሰፈር ቅርጫ ገባሁና ሰዉ ለሽንጥና ለታናሽ ሲሻማ እኔ «ጉበቷን ብቻ» አልሁ። አብዷል ብለው ሰጡኝ። ክፍሌ ውስጥ በሳህን ከድኜ አኖርሁና መድኃኒቱን ልለምን ጤና ጣቢያ ወረድሁ።

መድኃኒቱን ይዤ ስመለስ ግቢውን የቅቤ ሽታ አውዶታል። አከራዬ እትዬ የሺ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ እኔን ከተከራይ ይልቅ እንደ ልጅ የሚያዩ ሴት ናቸው። ጉበቷን ከትፈው፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ጠብሰው ይጠብቁኛል።

«ምነው እትዬ! ለነገ ትምህርት ያኖርኋት እኮ ናት!»

«ነገማ ጾም ነው! ሥጋ ቤቴ አድሮ ጾም ሊያዝ? ወይ ጉድ! ድስቱን በአመድ ፍቄ ልሰቅል ስል ያንተ ትዝ አለኝ። ደግሞ ጥሬዋን! አፈር ስሆን ብላ ልጄ፣ ከስተህ የለ እንዴ።»

እሳት የነካው ኢንዛይም ሙት ነው። ከጉበቷ ጋር ደሴም ድስቱ ውስጥ ተጠብሳ ታየችኝ። በላሁት። ይጣፍጥ ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። እያኘክሁ ሳስብ፣ ካታሌዝ ጉበት ብቻ ውስጥ አይደለም፤ ድንችም አለው። ድንች ደግሞ ለጾሙ ብዬ ገዝቻለሁ።

ተቆጣጣሪው በነጋታው ከወልድያ አቧራ ለብሰው፣ ደክሟቸው መጡ። የፓርቲ ሰው ናቸው፤ ጾም አይጾሙም። ሆዳቸው ግን ሲጮኽ ይሰማል፤ እኛም እንዳልሰማን ሆንን። ጥሬ ድንች ፈቅፍቄ ብርጭቆ ውስጥ ጨመርሁና መድኃኒቱን አፈሰስሁበት። ምንም የለም። ጥቂት ቆይቶ ግን አረፋው እየተነፋ፣ እየተነፋ አፋፉ ላይ ደረሰ። እሳቱ የጠፋ፣ ጫፉ ብቻ የቀላ ስንጥር ሳስገባበት በኦክስጅኑ ቦግ ብሎ ነደደ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ግማሾቹ ዲያቆናት ነበሩ፤ ጉበት ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ወደ ጠረጴዛው ባልቀረቡም። ሰውየው ራሳቸው ብድግ ብለው «እስቲ ይድገሙት!» አሉ።

ውጭ ስንወጣ እጄን ጨበጡኝ። «ጓድ መምህር፣ ባውራጃው እንዲህ ያለ ትምህርት አላየሁም።» ካልታዘልሁ አላምንም አለች ሙሽራ፤ እኔ ሞኙ ሳልታዘል አመንሁ። በሐሳቤ ልጄን ትከሻዬ ላይ አውጥቼ ደሴን ፒያሳ ለፒያሳ ማዞር ጀምሬአለሁ።

«ስለዚህ» አሉ ተቆጣጣሪው፣ «እርስዎን ከዚህ ማንሣት በሰፊው ሕዝብ ልጆች ላይ መፍረድ ነው። ደሴ እንደሆነ መምህር ሞልቷል። ዝውውሩን ይርሱት።» ይህን ያሉት እንደ ሽልማት ነው። አመሰገንኋቸው።

ቤት ገብቼ ለእትዬ የሺ ስነግራቸው እልልታቸውን አቀለጡት። ጎንበስ ብለው መሬት ሳሙ።

«እመቤቴ ገነተ ማርያም፣ ሰማሽኝ!»

«ምኑን ነው የሰማችዎት?»

«እንዳትሄድብኝ ተስዬ ነበራ! ጃንጥላ፣ ባለ ዘርፉን። ቆይ፣ ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

እኔም ካድሬ እንዳይሰማኝ በሆዴ ለዚያችው ለገነተ ማርያም ተስዬ ነበር፤ እንድትለቀኝ። የተሳልሁት ጧፍ ነው። ጧፍና ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ምን አገናኘው! ደግሞስ እሳቸው ጿሚ ናቸው፤ እኔ ጉበት በልቼ ጾም የያዝሁ።

ስለት አያድርም አሉ። ጉልበታቸው ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት አይችልም፤ ሌላ የሚልኩት ዘመድም የላቸው። ጃንጥላውን ተሸክሜ ገነተ ማርያም ያደረስሁት እኔው ነኝ።