በትብለጥ ቤት የተፈረመው አቤቱታ

በዚህ ዘመን እንደ መቆጣት የቀለለ ሥራ አለ ብላችሁ ነው? ድሮ ሰው ሊቆጣ ሲል ቢያንስ ተነሥቶ ይቆም ነበር። ዛሬ ጋደም ብሎ በአውራ ጣቱ ይቆጣል። እኔ ራሴ ጋደም ብዬ የተቆጣሁትን ያህል ቆሜ ብቆጣ ኖሮ እግሬ አብጦ ነበር። ጥቁር ሰው በሳሙና ታጥቦ ሲነጣ ላሳየ የውጭ ማስታወቂያ ተቆጥቻለሁ። አፍሪካን በሙሉ አንድ የሣር ጎጆና አንድ ዝንጀሮ አድርጎ ላቀረበ ፊልም ተቆጥቻለሁ። ሠሪዎቹ ቁጣዬን የሰሙ አይመስለኝም። እኔ ግን ደከምኩ። ቁጣ እርሻ አይደለም፤ ወገብ ግን ይቆርጣል።

ያ ድራማ የመጣው እንዲህ ደክሞኝ ባለሁበት፣ በዐቢይ ጾም ነው። ከአዲስ አበባ የሚተላለፍ አስቂኝ ተከታታይ ነው። አንድ ጎጃሜ እንግዳ ምግብ ቤት ይገባል። ገና "ጤና ይስጥልኝ" ሲል በአነጋገሩ ያውቁታል። ተመጋቢው ምግቡን በነጠላ ይሸፍናል፣ እናት የልጇን ፊት ትደብቃለች፣ አስተናጋጁ ያማትባል። ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላናል ማለታቸው ነው። ከጀርባ ሰው በሳቅ ሲንፈቀፈቅ ይሰማል።

ፍኖተ ሰላም በዚያ ሳምንት ሌላ ወሬ አልነበራትም። ባጃጅ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ "አያችሁልኝ? እኛን?" ነው። ቡሬ ያሉት የአክስቴ ልጆች ሳይቀሩ ደውለው "አንተ ታነባለህ አይደል፣ አንድ ነገር በል እንጂ" አሉኝ። ይህን ሲሉኝ ድካሜ ጠፋ። ኮሌጅ አልገባሁም፤ የማውቀውን ሁሉ ከስልኬና ከተዋስኳቸው መጻሕፍት ነው የለቀምኩት። እንዲህ የተማረ ሰው ደግሞ ካላስረዳ ያመዋል። ስለዚህ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አስረዳሁ። ስቴሪዮታይፕ ማለት፣ አልኩ፣ ዱርቤቴ ገበያ ላይ አንድ የነቀዘ በቆሎ አግኝቶ የሜጫን ጎተራ በሙሉ ነቅዟል ብሎ መፈረጅ ነው። አነጋገሬ ተወደደልኝና ወዲያው ለድራማው ሠሪዎች የሚላክ የአቤቱታ ደብዳቤ አርቃቂ ተደረግሁ።

አቤቱታውን ልንፈርም የተሰባሰብነው ሰዎች ሰብሳቢ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ አዳሙ ናቸው። ጸጥ ያለ ቦታ ፈልግ አሉኝ። መናኸሪያው አካባቢ ጸጥ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የትብለጥ ምግብ ቤት።

ለምን ጸጥ አለ? ላስረዳ። ትብለጥ የአያ ልየው ልጅ ናት። አያ ልየው በቡሬ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ቀበሌ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። በዚያ አገር ከእጃቸው ያልወጣ ማረሻ የለም። ማረሻውን እንወስዳለን፣ በማረሻው የታረሰውን እንበላለን፣ እሳቸው ቤት ግን ውኃ አንጠጣም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላላ! ልጅቱ የእናቷን ሙያ ይዛ ከተማ ገባችና ምግብ ቤት ከፈተች። ከመራዊና ከሽንዲ የሚመጣ መንገደኛ ጣቱን እየላሰ ይበላባታል። በማግስቱ አንድ ደግ የከተማችን ሰው ጆሮው ሥር ጠጋ ይላል፤ መንገደኛው ከዚያ ወዲያ አይታይም። እስከ ፋሲካ የሠፈሩ ሰው ካልገባላት ቤቱን እንደምትዘጋው ነግራኛለች። እኔም ሰው ለምን እንደማይገባላት አስረድቻታለሁ። በደንብ ነው ያስረዳኋት።

ስብሰባው በእሷ ቤት እንዲሆን ጠየቅኳት።

"ቡዳ ተባልን ብላችሁ ነው የምትሰበሰቡት?" አለች።

አዎ አልኳት። ፊቷ በራ። ይህን ያህል የተቆጣ ሰው ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው፣ እንግዲያስ ይበላሉ አለችኝ። ስንት እንደሆንን ጠየቀችኝ፤ ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት አልኳት። ከማለዳ ጀምራ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ስልጆውን ስትሠራ ዋለች። ጾመኛ እንዳይቸገር ብላ ስብሰባውን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አድርጉት ያለችንም እሷው ናት።

ደብዳቤውን ቆሜ አነበብኩ። "ከእኛ ጋር ማዕድ መቁረስን የሚያስፈራ አድርጎ ማቅረብ ሰብአዊ ክብራችንን የሚነካ ነው" ስል ጋሽ አዳሙ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ባለ ባጃጁ ይበልጣል ጠረጴዛውን መታና "ሰው ፊት ላይ ምግብ ይሸፈናል? ምን ዓይነት አረመኔ ነው!" አለ። በዚሁ ቅጽበት ትብለጥ ሦስት ትልልቅ ትሪ አከታትላ አቀረበች። ቤቱ ወደ ዱሮ ጸጥታው ተመለሰ።

"ብሉ እንጂ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል" አለች።

ይበልጣል ቤቱ በልቶ መምጣቱን ተናገረ። ቅድም ስትገባ እህል አልቀመስኩም አላልክም ወይ ብትለው፣ "ረስቼው ነው" አላት። ሌላው ንስሐ አባቱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲቆይ አዘውታል። አንዱን ጎመን አይስማማውም፣ አንዱን ምስር፣ አንዱን እንጀራ። ጎጃም ተወልዶ እንጀራ የማይስማማው ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው። ትብለጥ ተስፋ አልቆረጠችም፤ ወደ ጋሽ አዳሙ ዞረች። "እርስዎ እንኳ ይቅመሱልኝ እንጂ ጋሼ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ አይደሉም?" ጋሽ አዳሙ ጨጓራቸውን በመዳፋቸው ደገፍ አደረጉ። "እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ መልኩም ሽታውም ግሩም ነው። ሐኪም ከልክሎኝ ነው እንጂ" አሏት።

ወረቀቱን ዘይት እንዳይነካው መጀመሪያ እንፈርም ያልኩት ግን እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንዲህ በአንድ ድምፅ የተደገፈ ሐሳብ አቅርቤ አላውቅም። አሥራ ሁለታችንም በሦስት ደቂቃ ፈረምን። ትብለጥ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ "እኔስ አልፈርምም? እኔም እኮ ጎጃሜ ነኝ" ስትል ጋሽ አዳሙ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ቦታው መሙላቱን በሐዘን ገለጹላት። ከዚያ ሁሉም አመስግኖ፣ መርቆ ወጣ። ደብዳቤውን ይበልጣል በባጃጁ ወደ ፖስታ ቤት አከነፈው።

እኔና ሦስት ትሪ ቀረን።

ትብለጥ አልተቆጣችም። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰች፤ ከዚያ ፊት ለፊቴ ቆመችና "አንተ እንኳ ብላ፣ ወንድምዬ" አለችኝ። ሰዎቹ ለምን እንዳልበሉ ላስረዳት አፌን ከፈትኩ።

"አውቀዋለሁ። እጅህን ታጠብ" አለችኝ።

ታጠብኩ። እንጀራውን ቆርሼ ሽሮውን ጠቀለልኩ። ይህን ጊዜ ሁለት ሰዎች እያወሩ በደጁ አለፉና እጄ በትሪውና በአፌ መካከል ቆመ። እኔ ልብ አላልኩትም፤ እሷ ግን አየችው። ጨው ልጨምርልህ እንደማለት ያህል፣ በቀስታ፣ "የበሩን መጋረጃ ልልቀቅልህ?" አለችኝ።

"አዎ ልቀቂው፣ አቧራው ምግቡ ውስጥ ይገባል" አልኳት።

ጠዋት ዘንቦ፣ ደጁ ገና ጭቃ ነበር።