ስልሳ መጠይቅ በአስር እጅ ጽሑፍ

ዛሬ ጠዋት ስልሳ መምህራን በፌስታል ይዤ ወልቂጤ ገባሁ። ከሰዓት አንድ መምህር ብቻ ይዤ ወጣሁ።

ሃምሳ ዘጠኙ የት ገቡ? ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

ለማታውቁኝ፦ ቡታጅራ ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ የርቀት ተማሪ ነኝ። በትምህርት ምርምር ማስተርስ! ዩኒቨርሲቲው ስሙ ይቆየን፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም።

ርቀት ሲባል ቀላል ይመስላችኋል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ፣ ሻይሽን እየጠጣሽ ማስተርስ ትይዣለሽ ብለውኝ ነው የተመዘገብኩት።

ከዚያ ሞጁሉ መጣ። በካርቶን!

ከሞጁሉ ኋላ አሳይመንቱ። ከአሳይመንቱ ኋላ ቅዳሜና እሁድ ወልቂጤ ድረስ ቲቶሪያል። ፈተና። ፕሮፖዛል፤ እሱም ሦስት ጊዜ ተመልሶብኛል። ከዚያ ዳታ መሰብሰብ፣ ቴሲስ፣ ዲፌንስ። ይህ ሁሉ በአራት ዓመት ካላለቀ ደግሞ ያለፍሽው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል፤ ከፈለግሽ እንደ አዲስ ተመዝገቢ።

እኔ ስንተኛ ዓመቴ ላይ ነኝ? አራተኛው!

ሰሞኑን ቀን ስቆጥር የከረምኩት ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ አባባ አለ። አባቴ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ይነግዳል። የተመዘገብኩ ዕለት ሱቁ ግድግዳ ላይ ሚስማር መታና የምርቃትሽ ፎቶ እዚህ ነው የሚሰቀለው አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ጃንጥላውን እየሰቀለበት ነው። ደንበኛ ሲገባ ጃንጥላውን አውርዶ "ይቺ የልጄ ቦታ ናት" ይላል። ወላሂ በሱቁ በር ማለፍ ትቻለሁ።

እሺ፣ ወደ ጉዱ እንግባ።

የቴሲሴ ርዕስ "መምህራን በትምህርት ቤታቸው ውሳኔ ላይ ያላቸው ተሳትፎ" ነው። አርባ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጀሁ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አምስት ሳጥን አለ፤ ከ"በጣም እስማማለሁ" ይጀምርና መሃል ላይ "አልወሰንኩም"ን አልፎ "በጣም አልስማማም" ላይ ያበቃል። መላሹ አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው።

ፕሮፖዛሌ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ስሙ። "ተመራማሪዋ በየትምህርት ቤቱ በአካል ተገኝታ ለእያንዳንዱ መምህር የጥናቱን ዓላማ ታስረዳለች፤ ፈቃዱንም ትጠይቃለች።"

እንዴት ያምራል!

ተመራማሪዋ ግን በሳምንት ሃያ ስምንት ክፍለ ጊዜ አለባት። ቅዳሜ ስብሰባ አለባት። ስለዚህ ተመራማሪዋ መጠይቁን ፎቶ ኮፒ አድርጋ፣ በሦስት ፖስታ ከፍላ፣ ቡታጅራ፣ ቆሼና አገና ላሉ ለምታውቃቸው ዳይሬክተሮች በሚኒባስ ላከች።

አስር ቀን ሳይሞላ ስልሳውም ተመለሰ። አንድ እንኳ አልጎደለም! ሞጁሉ መጠይቅ ስትበትኑ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ ይላል። ሞጁሉ ሰው አያውቅም አልኩ። ሰንጠረዥ ሠራሁ፣ በቀለም ፕሪንት አስደረግሁ፣ ዛሬ ለአማካሪዬ ላሳይ ሄድኩ።

አማካሪዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ጠና ያለ ሰው ነው። እሱም ዶክትሬቱን እየሠራ ነው። ቲቶሪያል ላይ "መምህር" ነው የምንለው፤ በዓለም ላይ ሌላ መምህር የሌለ ይመስል።

ሰንጠረዤን በአንድ ጣቱ ወደ ጎን ገፋ አደረገው። ወረቀቶቹን አሳዪኝ አለኝ።

ወረቀቶቹን?

አወጣሁለት። ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ደረደራቸው። አንድ በአንድ ያያል። እኔ ደግሞ እሱን አያለሁ። ከኋላዬ ወረፋ የያዙ አምስት ተማሪዎች አንገታቸውን አስግገዋል።

"እነዚህ ስድስቱ" አለ፣ "ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም ሠላሳ አራት ዓመት፣ ሁሉም አሥራ አንድ ዓመት ያገለገሉ። ወንድማማቾች ናቸው?"

ከኋላዬ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ቀጠለ። ዘጠነኛው ጥያቄ "በውሳኔ ላይ እሳተፋለሁ" ይላል፤ በጣም እስማማለሁ። ሃያ ሦስተኛው "ሳልጠየቅ ይወሰናል" ይላል፤ እሱም በጣም እስማማለሁ። ሳይጠየቁ በመሳተፋቸው በጣም የሚስማሙ መምህራን መሆናቸው ነው። እጅ ጽሑፉን ቆጠረ። ከአንዷ በቀር ስልሳው ወረቀት ላይ አስር እጅ ጽሑፍ!

ገባችሁ አይደል? በአንድ ለአምስት ነው የሞሉት! ዳይሬክተሮቹ ሌላውን ሥራ በሚያወርዱበት መንገድ መጠይቄንም አወረዱት። ስድስት መምህር አንድ ቡድን፣ ከስድስቱ አንዱ መሪ። ሪፖርት የሚሞላው መሪው ነው። ታዲያ መጠይቅ ከሪፖርት በምን ይለያል?

ስለ መምህራን ድምፅ ልጽፍ ተነስቼ መምህራኑን አልጠየቅኳቸውም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ባልጠላሁ።

እውነቱን ተናገርኩ። በአካል አልሄድኩም፣ በፖስታ ነው የላክሁት አልኩት።

እሱ አልተቆጣም። ከክምሩ አንዲት ወረቀት መዘዘና አቀበለኝ። ከቆሼ የመጣች ናት። ሳጥኖቹ ሁሉ ባዶ። ከታች በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ "ለመጠየቅማ ራስሽ ነይና ጠይቂኝ። ሐሙስ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ የለኝም።"

ይህችን ወረቀት ሰንጠረዤ ውስጥ ምን ብዬ እንዳስገባኋት ታውቃላችሁ?

"መልስ ያልሰጠ" ብዬ!

"ከስልሳው መልስ የሰጠሽ ይህ ሰው ብቻ ነው" አለኝ መምህር።

እንባዬ መጣ። አራት ዓመት፣ ካርቶን ሙሉ ሞጁል፣ የአባባ ሚስማር፣ ሁሉም ባንዴ ፊቴ ላይ ተደቀነ። መምህር ሳያዝንልኝ አልቀረም። ሊያጽናናኝ ብሎ የራሱን ታሪክ ጀመረ።

ምነው ባልጀመረ!

አምና ለዶክትሬቱ መጠይቅ በትኖ ነበር። በትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል። ከቡታጅራ አንድ ትምህርት ቤት ስድስት ወረቀት መጣለት፤ ስድስቱም ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው "አልወሰንኩም" ላይ ምልክት ያደረጉ። መጀመሪያ ሊጥላቸው ነበር። ኋላ ግን የስድስቱም እስክሪብቶ የተለያየ፣ ምልክታቸውም የተለያየ መሆኑን አየ። ስድስት ሰው ለየብቻው ቁጭ ብሎ ምንም ካልወሰነ ከኋላው አንድ ነገር አለ ብሎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፈበት።

"በተለይ አንዱ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምልክቱ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። የሰውየው ፍርሃት ከወረቀቱ ላይ ይነበባል።"

ወገኖቼ።

ሰውየው እኔ ነኝ።

ስድስቱም እኔ ነኝ!

አምና የቡድን መሪ ነበርኩ። ዳይሬክተራችን ስድስት ወረቀት ሰጠኝና ዛሬውኑ ይፈለጋል አለኝ። አንዷ ልጇን ልታጠባ ሄዳለች፣ ሁለቱ ለቅሶ ናቸው፣ የቀሩት ክፍል ውስጥ። እና እኔ ሞላሁት። ማንም ላይ ጣጣ እንዳይመጣ ብዬ "አልወሰንኩም"ን መረጥኩ። የአንድ ሰው እንዳይመስል በየወረቀቱ እስክሪብቶ ቀየርኩ። የመጨረሻውን በግራ እጄ ነው የሞላሁት።

ያ ነው የሚንቀጠቀጠው!

ፍርሃት አይደለም፣ ግራ እጅ ነው!

የእኔን መጠይቅ የሞሉት እንኳ እስክሪብቶ ለመቀየር አልደከሙም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ልንገረው? አፌን ከፈትኩ። በዚያችው ቅጽበት ግን መምህር የማራዘሚያውን ቅጽ አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። እስከሚቀጥለው ቲቶሪያል ጊዜ ሰጥቶኛል። አዲስ ዳታ፣ በአካል ተገኝቼ፣ ሰው በሰው እየጠየቅሁ። ያለ እሱ ፊርማ ዛሬ አብቅቶልኝ ነበር።

ፈረመ። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ምን አለኝ መሰላችሁ?

"የምፈርምልሽ ሐቁን ስለነገርሽኝ ነው።"

ወላሂ ወረቀቱ እጄን አቃጠለኝ።

በሩ ጋ ስደርስ ዞር አልኩ። ሌላ ነገር አለ ወይ አለኝ። የለም መምህር አልኩና ወጣሁ። አርባ ጥያቄ ያዘጋጀሁ ሰው ለአንዲት ጥያቄ መልስ አጣሁ!

አገና ላይ ሚኒባስ ስቀይር ከጎኔ የተቀመጡ እናት አይተውኝ፣ ልጄ ሰው ሞቶብሽ ነው አሉኝ። ስድስት ሰው ልላቸው ነበር።

ተራራውን ስንወጣ ስልኬን አውጥቼ በኢንቦክስ ልጽፍለት ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። አንዴ ፊርማውን ይሰርዘዋል እላለሁ። አንዴ ደግሞ ምዕራፉን ይዞ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሲቆምና ስለዚያ የሚንቀጠቀጥ መምህር ሲናገር ይታየኛል። ሰውየው ለእኔ እንባ አዝኖልኝ፣ እኔ በእሱ ላይ ዝም ልል?

ቡታጅራ ስወርድ ሳላስበው በአባባ ሱቅ በር አለፍኩ። ጃንጥላውን ከሚስማሩ እያወረደ፣ ምርቃትሽ ደረሰ ወይ አለኝ። እስከሚቀጥለው ቲቶሪያል አልኩት። ጃንጥላውን መልሶ አልሰቀለውም። ጥግ ላይ አስደገፈው።

ይህን ካየሁ በኋላ ነው ይህን ፖስት መጻፍ የጀመርኩት። ሰው ካየው ማጥፋት አልችልም ብዬ ነው። መምህር ደግሞ እዚህ ፌስቡክ ላይ ጓደኛዬ ነው፤ ባለፈው የድመቴን ፎቶ ላይክ አድርጎልኛል።

መምህር፣ ይህን ካነበቡ፦

የቡታጅራዎቹ ስድስት መምህራን እኔ ነኝ። የሚንቀጠቀጠውም እኔ ነኝ፤ ያኔ ግራ እጄ ነበር፣ አሁን ግን ቀኙም እየተንቀጠቀጠ ነው። ፊቴን አይተው ለፈረሙልኝ ለእርስዎ ፊት ለፊት መናገር ነበረብኝ፣ አቃተኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አምስቱ የቡድኔ ሰዎች ዛሬም እዚሁ ናቸው። ያልወሰኑት ነገር የለም፤ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ሲያወሩ ቢሰሟቸው ሦስት ምዕራፍ ይወጣቸዋል። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ እኔም ጭምር።

ራስዎ ይምጡና ይጠይቁን። ሐሙስ ከሰዓት ብቻ እኔ የለሁም፤ ቆሼ ሰው ይጠብቀኛል።

እናንተስ ወገኖቼ፣ መምህር ፊርማውን ይሰርዝብኛል ትላላችሁ? በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም… ኮመንት ላይ መልሱልኝ።

ግን እባካችሁ፣ እያንዳንዳችሁ ለራሳችሁ።