ዝም በልና ልስማበት

አንድ ዘፈን ከሌላው ተለይቶ በሬዲዮ ቀን ከሌት የሚለቀቀው ለምን እንደሆነ አስባችሁበት ታውቃላችሁ? እኔ አስቤበት አላውቅም ነበር። ሥራዬ ብየዳ ነው፤ ወልቂጤ ውስጥ የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማሩኝ መዶሻና መጽሐፍ ቅዱስ ናቸው። በር ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ሲዘጋ ነው። ገጥሞ ከተዘጋ ጥሩ ነው፤ ካልገጠመ ባለቤቱ ይሰድበኛል፣ እኔም ስድቤን ጠጥቼ አስተካክላለሁ። ስለ በሩ በሬዲዮ የሚያወራ ሰው በመካከላችን የለም። ዘፈንም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ ጥሩ ከሆነ ሰው ይሰማዋል፣ ካልሆነ ይተወዋል። ሞኝ ነበርኩ።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ጸልዬበታለሁ። እየጸለይኩ ሳለሁ ንዴቱ ይተወኛል፤ አሜን ስል ተመልሶ ይመጣል። ደግሞ አንዳንዱ አንባቢ፣ "ይሄ ጴንጤ ስለ ዘፈን ምን አገባው?" ይል ይሆናል። እውነቱን ነው፣ አያገባኝም ነበር። ዓለማዊ ዘፈን አልሰማም። በሥራ ቦታዬ የሚከፈተው መዝሙር ነው፤ እሱም ቢሆን ብረት መቁረጥ ስጀምር አይሰማም። የዘፈን ጣጣ ውስጥ የከተተችኝ የእህቴ ልጅ ናት።

ወይንሸት ትባላለች። እናቷ፣ ታናሽ እህቴ አስካለ፣ ቡታጅራ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላት፤ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋ ትሸጣለች። ባሏ ወደ ጌታ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው። ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ በኳየር ስታገለግል ቆይታ በአንድ ክፉ ቀን ኳየሩን ትታ ዘፋኝ እሆናለሁ አለች። አስካለ አልጮኸችም፣ አልመታቻትም። ቀነ ገደብ ብቻ ሰጠቻት። "እስከ መስቀል ድረስ እዪው። እስከ መስቀል ሰው ካላወቀሽ መጥተሽ ሱቁን ትይዣለሽ፤ ከዚያ ወዲያ የዘፈን ወሬ እዚህ ቤት አይነሳም።" መቼም የእኛ አገር ሰው ቀጠሮው ሁሉ መስቀል ነው። ዘፈኑን ግን አስካለ ራሷ አንዴም አልሰማችውም። እልኸኛ ናት፤ በእናታችን ወጥታለች።

ድሮ ካሴት በነበረ ጊዜ ሰው ዘፈን የሚገዛው ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ከሰማ በኋላ ነበር። ቢያንስ ጆሮ ነበረበት። ዛሬ የሚቆጠረው ስልክ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሬዲዮ የሚቀርብ አንድ ዝግጅት አለ፤ አድማጭ ደውሎ የሚወደውን ዘፈን ይመርጣል፣ ብዙ የተደወለለት ከአስረኛ ወደ ላይ ይወጣል። መስቀል ሲቃረብ አንደኛ ሆኖ የተገኘው ዘፋኝ አዲስ አበባ ትልቁ መድረክ ላይ ይጠራል። የወይንሸት ዘፈን በአንድ ወዳጇ ብርታት አስረኛ ሆኖ ገባ። መስቀል ሊደርስ ስምንት ሳምንት ነበር የቀረው።

ይኼኔ ነው አቶ ስርሞሎ የተነሱት። የልጅቷ አባት ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የዕድር ሰብሳቢም ናቸው። ሰው ሲሞት ድንኳን፣ ወንበርና ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያሰልፉ ሰው ናቸው፤ ይህንኑ ችሎታቸውን ለዘፈን አዋሉት። ዘመድ በየአገሩ ተደለደለ። የመጀመሪያው ቅዳሜ የጉንችሬ፣ ሁለተኛው የአረቅጥ፣ ሦስተኛው የቡታጅራ፣ አራተኛው የጉብሬና የወልቂጤ። አንድ ቤት፣ አንድ ስልክ። በተራው ቀን ያልደወለ ከቀብር እንደ ቀረ ይቆጠራል። አባቶቻችን ተሰባስበው ተራራ ቆፍረው መንገድ አወጡ፤ እኛ ተሰባስበን ሬዲዮ ጣቢያ ደወልን።

እኔ ጥሪውን የምከታተለው ከጎረቤት ሱቅ በሚመጣው ሬዲዮ ነበር። ዘፈኑን ለመስማት አይደለም። ዘፈኑ ሲጀምር ማሽኑን አስነሳለሁ፣ ወሬው ሲመለስ አጠፋለሁ። ወሬውስ ባይሰማኝ ይሻል ነበር።

አቅራቢው ለደወለው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፤ "ከዘፈኑ የቱን ወደዱት?" ይላል። ከጉንችሬ የደወሉት አዛውንት፣ "ልጅቷ ጨዋ ናት። አባቷንም አውቀዋለሁ፣ ሰው የማይጎዳ ሰው ነበር" አሉት። ከአረቅጥ አንዲት ሴት፣ "ከላይ እስከ ታች ወድጄዋለሁ" አለች። "ግጥሙን ነው ዜማውን?" ሲላት፣ "ሌላም ካለው እሱንም" አለችው። የቡታጅራው በርበሬ ነጋዴ ሸምሱ የአስካለ ጎረቤት ነው፤ በዘመድነት ሳይሆን በጉርብትና ነው የተመዘገበው። "አሰላሙ አለይኩም። ማሻአላህ፣ ስለ ቡታጅራ እንዲህ አሳምሮ የዘፈነ ሰው የለም" አለ። አቅራቢው፣ "ዘፈኑ እኮ ስለ ቡታጅራ አይደለም" ቢለው፣ "ቀጥላ ትዘፍናለች፣ ኢንሻአላህ" ብሎ ዘጋው።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ዘፈኑ ከአስረኛ ወደ ሰባተኛ፣ ከሰባተኛ ወደ ሦስተኛ ወጣ። አንድም ሰው አልሰማውም። አቅራቢው ደግሞ ይህን ማወቁ አይቀርም፤ ግን ስልኩ እስከጠራ ድረስ ምን ቸገረው።

ተራው የወልቂጤ ሆነ። አቶ ስርሞሎ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ቦታዬ መጡ።

"ነገ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንተ ነህ" አሉኝ።

"መደወሉን እደውላለሁ፣ ጋሽ ስርሞሎ። ወድጄዋለሁ ማለት ግን አልችልም።"

"ለምን አትችልም?"

"አልሰማሁትማ።"

"እኔስ የሰማሁት ይመስልሃል?" አሉኝ፣ ተቆጥተው። "ለቅሶ ስትሄድ ሟቹን ጠይቀኸው ነው የምትሄደው? ሰው ለሰው ይቆማል። አንተ ግን መዳን ከጀመርክ ወዲህ ዘመድ ረሳህ።"

ይህ አባባል አንጀቴን ነካው። ደግሞ ማምሻውን ወይንሸት ራሷ ደወለች። "ጋሼ፣ እምነትዎን አውቃለሁ። ካልሆነልዎ ይተዉት" ብቻ ነው ያለችኝ። ብትለምነኝ እምቢ እላት ነበር። ተንበርክኬ ጸለይኩና ቆረጥኩ፦ እደውላለሁ፣ አልዋሽም።

ቅዳሜ በሰዓቱ ደወልኩ፤ መስመሩ ገባልኝ። አቅራቢው ከየት እንደምደውል ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የትኛዋን ዘፋኝ እንደምመርጥ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

"ከዘፈኗ የቱን ወደዱት፣ አባባ?"

"ዘፈኑን አልሰማሁትም" አልኩት።

ሳቀ። አጠገቡ ያለ ሌላ ሰውም ሳቀ። "ታዲያ እንዴት መረጡት?"

"የእህቴ ልጅ ናት። ክፈተውና ልስማው፤ ከወደድኩት ወደድኩት እልሃለሁ፣ ካልወደድኩትም እነግርሃለሁ።"

ጨዋታ አገኘሁ ብሎ ነው መሰለኝ ከፈተልኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆምኩ። እውነት ለመናገር መጀመሪያው ምንም አይደለም። ዱብ ዱብ የሚል ነገር አለ፣ የሁሉም ዘፈን ዱብ ዱብ ነው፤ ፍቅር አለ፣ ዓይን አለ፣ ናፍቆት አለ። አልወደድኩትም ልል አፌን አዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ ከመካከል ላይ ምቱ ጸጥ አለ፤ ልጅቷ ብቻዋን ቀረች። አባቷ በተቀበረ በአራተኛው ቀን እናቷ የሱቁን በር ስትከፍት፣ የሟቹን ጃኬት ከወንበሩ ላይ አንስታ እንደገና እዚያው ወንበር ላይ ስትሰቅለው፣ ደንበኛ ሲመጣ በዚያ ወንበር እንዳይቀመጥ ቆማ ስትጠብቅ፤ ይህንን ነበር የምትዘፍነው። እኔ ያን ቀን እዚያ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ጃኬቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ ግን ማየቷን አላውቅም ነበር።

ልክ እዚህ ላይ አቅራቢው ማውራት ጀመረ። በላዩ ላይ። "አዎ፣ ወይንሸት ናት፣ የደቡቧ ኮከብ፣ በነገራችን ላይ የዛሬው ዝግጅታችን የቀረበላችሁ" ብሎ የአንድ የግድግዳ ቀለም ስም ጠራ። ቀለሙ አይላጥም፣ ዝናብ አይበግረውም አለ። ያቺ ልጅ ከቀለሙ ሥር ሆና ትዘፍናለች።

"አንተ ሰውዬ" አልኩት፣ "ዝም በልና ልስማበት።"

መቼም እኔ ድምፄ የተሠራው ከማሽን ጋር ሲፎካከር ነው። "ዝም በል እኮ ነው የምልህ። ይህቺ ልጅ አባቷን ታለቅሳለች፣ አንተ ቀለም ትሸጣለህ።" ስልኩ ተቋረጠ። እሱ ነው የዘጋው።

አቶ ስርሞሎ ዕለቱኑ መጥተው አላነጋገሩኝም፤ በራፌ ላይ ቆመው አይተውኝ ሄዱ፣ ይህ ከስድብ ይከፋል። የሰው ሁሉ ድካም በእኔ አፍ ፈረሰ ብዬ አዘንኩ። ሰው ላይ መጮኼም ኃጢአት ነውና ንስሐ ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት ግን ከሥራ ቦታዬ ፊት ለፊት ሁለት የባጃጅ ልጆች መዞሪያው ላይ ሲጣሉ አንደኛው፣ "አንተ ሰውዬ ዝም በልና ልስማበት" አለው፣ በእኔ ድምፅ። ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ። ማክሰኞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከጉብሬ መጥተው አብረንዎት ፎቶ እንነሳ አሉ። አንዱ ድምፄን ቆርጦ ስልክ ላይ ለቆት፣ ሌላው ዳንስ ጨምሮበት፣ ሌላው ከበግ ጩኸት ጋር ቀላቅሎት፣ አገር ምድሩ ሲቀባበለው ሰንብቷል። በሚቀጥለው ቅዳሜ የእኛ ሰው ሊደውል ቢሞክር መስመር አልገኝ አለው፤ የማናውቃቸው ሰዎች ይዘውታል። ሁሉም የሚጠይቁት "ያ ሽማግሌ የጮኸበትን ዘፈን" ነው። ዘፈኑ አንደኛ ወጣ።

እዚህ ላይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አቶ ስርሞሎም ታርቀውኝ፣ "ይሄን አስበህበት ነው፣ አንተ ብልጥ" አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው።

መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወይንሸት ከአንድ አቀናባሪ ጋር መጣች። ፀጉሩን አሳምሮ ያበጠረ፣ መነጽሩን በራሱ ላይ የሰካ፣ ትሁት ልጅ ነው። ዘፈኑን ለመድረኩ እንደገና ሠርተውታል፤ ድምፄን አስገብተውበታልና ፈቃዴን ፈልገው ነው። እምቢ ካልኩ ማውጣት አለባቸው። ከወጣ ደግሞ የመድረኩ ሰዎች አንፈልገውም ብለዋል። ከፈቱልኝ። መጀመሪያው ላይ፣ "ዝም በልና ልስማበት" እላለሁ። መጨረሻው ላይም እላለሁ። መካከል ላይማ አምስት ጊዜ ይመስለኛል፣ ልስማበት፣ ልስማበት፣ ልስማበት ያሰኙኛል፤ ከበሮው እየተከተለኝ።

"የቀለሙስ ነገር? አባቷን ታለቅሳለች ያልኩትስ?"

"እሱን አወጣነው አባባ" አለ አቀናባሪው። "ስፖንሰሩ ቅር ይለዋል። ሐዘንም ስሜቱን ይሰብረዋል።"

"ጃኬቱስ? ምቱ ጸጥ የሚልበት ቦታ የታለ?"

ልጁ ወደ ወይንሸት አየ። እሷ የብረቱን ብናኝ በጫማዋ ጫፍ ስትቆፍር ቆየችና፣ "ረዘመ ተባለ፣ ጋሼ" አለች። "የእርስዎን ድምፅ ያስገባነው እዚያ ቦታ ላይ ነው።"

ልስማበት ብዬ የጮህኩበትን ነገር አውጥተው ጩኸቴን ተክለውበታል። የያዝኩትን መዶሻ አስቀመጥኩ፤ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ልጅቷን በገዛ አባትሽ ላይ እንዴት እንዲህ አደረግሽ ልላት ስል እሷ ቀደመችኝ።

"ጋሼ፣ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ ስልኩን ያወጣል፣ ያወራል፣ መጠጥ ያዛል። ምቱ የቆመ ጊዜ የተበላሸ ነው የሚመስላቸው። ከእርስዎ በቀር የሰማው የለም።" መቆፈሯን ትታ ቀና ብላ አየችኝ። "እርስዎ ሰምተውታል፣ አይደል?"

"ሰምቼዋለሁ።"

"እንግዲያው ይፍቀዱልኝ። ሱቅ መግባት አልፈልግም።"

ፈቀድኩ። ምን ላድርግ? እኔ ለእውነት ብዬ እምቢ ብል፣ ባልዲና ጀሪካን መካከል ዕድሜዋን የምትጨርሰው እሷ ናት፤ እኔ በሬን እየበየድኩ በእውነቴ እኖራለሁ። ይዘውት የመጡትን ወረቀት ፈረምኩ።

መድረኩ ላይ ወጣች። መስቀል ሲደርስ ቡታጅራ ሄድኩ፤ አስካለ ለሱቁ ሠራተኛ ቀጥራለች፣ ቃሏን አክብራለች። ሰው ሁሉ ልጇን እያወደሰ ስለሆነ እሷም እልኋን ተወችና አዲሱን ዘፈን ከእኔ ጋር ተቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው። እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ወንድሜ፣ ምን አድርገውህ ነው እንዲህ የምትጮኸው?" አለችኝ። ከጀርባዋ ወንበሩ አለ፣ ጃኬቱም አለ። በሬዲዮ አገር ምድሩን ባናወጠው አፌ፣ "ተናድጄ ነበር" አልኳት።

እንግዲህ ዘፈን የሚያድገው በምን እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ መልሴ ይኼው ነው፤ ከውስጡ ዘፈኑን ሲያወጡለት ነው። ወልቂጤ ተመልሼ ሥራዬን ቀጥያለሁ። ትናንት ወደ ጉብሬ በር ልገጥም ስሄድ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ያንን ዘፈን ከፈተው። ወረድኩ። ሁለተኛውም ከፍቶታል፤ ከእሱም ወረድኩ። ሦስተኛው ሾፌር ሬዲዮው ከተበላሸ ሳምንቱ ነው፣ ሰው ፊቱን እያዞረበት ተቸግሯል። ደስ ብሎኝ ገባሁና ሬዲዮው እንዳይጠገንለት ከልቤ ጸለይኩ። መንገዱን ካጋመስን በኋላ ዘፈኑ የልጅቷ እንጀራ መሆኑ ታወሰኝ፤ ጸሎቴን መልሼ ወሰድኩ።