ሞጣ ተቀምጬ ቢቸና ላይ የዘጋሁት በር

ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን ለዘጋ ሰው አትዘኑለት። ቢያንስ የቆመው በገዛ ደጁ ነው፤ ይገፋል፣ ጎረቤት ይጠራል። ሞጣ ተቀምጦ የቢቸናን በር በራሱ ላይ የዘጋስ የማንን በር ይግፋ?

የኮሌጃችን ሰርቨር፣ መዝገቡ ሁሉ ያለበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ያለው ቢቸና ነው። እኔ ጠባቂው ያን ዕለት ወደ ሞጣው ቅርንጫፋችን ሄጃለሁ። ርቀት አያሳስበኝም፤ ላፕቶፔን ከፍቼ በጥቁሯ መስኮት ትእዛዝ ስጽፍ ቢቸና ያለው ማሽን እሺ ጌታዬ ይላል። በማውስ የሚሠሩትን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ከቅጥር ውጭ እንደሚያስቀድሱ ነው የማያቸው፤ መቅደስ የምንገባው እኛ ነን።

ታዲያ የማላውቃቸው ሰዎች የይለፍ ቃል እየገመቱ ሰርቨሩን ሲነካኩ አየሁና ደሜ ፈላ። ትእዛዙ ሁለት መስመር ነው፦ ሁሉንም ዝጋ፣ ለእኛ ክፈት። የትኛው ይቅደም? በንዴት ላይ ማን ያስባል! ሁሉንም ዝጋ አልኩ፤ እኔንም ጨምሮ ዘጋ። ሁለተኛውን መስመር ብጽፍ ብጽፍ የሚሰማኝ ጠፋ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ቢቸና ያፈሰስኩትን ሞጣ ሆኜ እንዴት ልልቀመው?

ለካ ዕለቱ የምዝገባ መጨረሻ ነው። ከየገጠሩ የመጡ ልጆች ቢቸና ተሰልፈዋል፤ ዛሬ ያልተመዘገበ ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ይውላል። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ ማሽኑ ጠፍቶ ቢነሳ አዲሱን ትእዛዝ ይረሳዋል። ግን የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ የት ነው? ማንም እንዳይነካካብኝ ብዬ ይዤው መጥቼ ኪሴ ውስጥ ነው። አሁኑኑ መኪና ባገኝ እንኳ የምደርሰው ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ሬጅስትራሯ እትዬ ይታይሽ ደወሉ። ሲስተሙ እምቢ እንዳላቸው፣ ልጆቹም ፀሐይ ላይ እንደቆሙ ነገሩኝ። እያየሁት ነው አልኳቸው። የማየውስ ድርቅ ያለችውን መስኮቴን ነው። የልጆቹ ወላጆች ሁሉ ስሜን እየጠሩ የሚረግሙኝ መሰለኝ።

ቆይተው ደግሞ መብራት ጠፋ አሉኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም! ወዲያው ግን ባትሪው ትዝ አለኝ። መብራት ቢሄድም ሰርቨሩ እንዳይጠፋ ስንት አለቃ ለምኜ ያስገዛሁት እኔው ነኝ። ከባትሪው በበሩ ሥር ሾልኮ ለእትዬ ይታይሽ ፕሪንተር የሚደርስ የሶኬት ማከፋፈያ አለ፤ እሱም ላይ ከፕሪንተር በቀር መሰካት ክልክል ነው ብዬ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ጥንቃቄዬ ሁሉ ተባብሮ ጠላት ሆነኝ። የሞጣን ጊዮርጊስ ከመለመን ሌላ ምን ቀረኝ?

መብራት መጣ ሲሉኝ እንደ ልማዴ ሞከርኩ። ጥቁሯ መስኮት የይለፍ ቃል ጠየቀችኝ! ማሽኑ ጠፍቶ ገና መነሳቱ ነው። እየፈራሁ መጀመሪያ ለእኛ ከፈትኩ፣ ከዚያ ለሌላው ዘጋሁ። ምዝገባውም ቀጠለ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እያልኩ ላቤን ስጠርግ እትዬ ይታይሽ እንደገና ደወሉ። ድምፃቸው አንሷል። መብራቱ ሲሄድ የሻይ ውኃ ማፍያቸውን ማከፋፈያው ላይ ቢሰኩት ባትሪው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ጮኾ ድርግም አለባቸው። ጠዋትም ሰክተውት ነበርና ሲስተሙን ያበላሹት እሳቸው መስሏቸዋል። አደራህን ልጄ፣ ለዲኑ እንዳትነግርብኝ ብለው ለመኑኝ።

ምን ልበል? ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ ለዛሬው ይለፍዎት፣ ሁለተኛ ግን እንዳይለመድ አልኳቸው።