የግንቡ ጉልበት በድምፅ ብልጫ ስለመዳኑ

የካርቶን ፋብሪካው የስፖርትና የሠራተኞች ጤና ኮሚቴ ሐሙስ ሚያዝያ 9 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አስቸኳይ ስብሰባ አድርጓል። የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ሰው ፈቃድ ላይ በመሆኑ ስብሰባው የተካሄደው በዕቃ ግምጃ ቤቱ፣ በካርቶን ክምሮች መካከል ነው። ከሰባቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ አባላት፦
1. የአስተዳደር ኃላፊው፣ ሊቀመንበር
2. የግምጃ ቤት ኃላፊው፣ የእግር ኳስ ቡድኑም አሠልጣኝ
3. የሂሳብ ሠራተኛዋ፣ የተጎጂው ተከላካይ ታላቅ እህት
4. የመዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ ጸሐፊ

በጥሪ የተገኙ፦ ሠራተኛው «ግንቡ» እያለ የሚጠራው መካኒክና የቡድኑ ተከላካይ፣ እንዲሁም ከጉዳቱ እንዲያገግም የምታሠራው የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ።

አጀንዳ 1፦ የግንቡን ጉልበት ዝግጁነት ስለመወሰን

ሊቀመንበሩ የፊታችን እሑድ ከቀለም ፋብሪካው ጋር የዋንጫ ጨዋታ መኖሩን፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም ተገኝተው እንደሚመለከቱ፣ እሳቸውም ዋንጫውን ለሥራ አስኪያጁ ለማምጣት ቃል መግባታቸውን አስረድተዋል። ስለዚህ ጉልበቱ እስከ ቅዳሜ እንዲድን ጠይቀዋል።

ባለሙያዋ እንደገለጸችው፣ የጉልበቱ ጅማት ከተጎዳ ወዲህ እግሩ ሳይሠራ በመቆየቱ የጭኑ ጡንቻ መንምኗል። ያ ጡንቻ ካልጠነከረ መገጣጠሚያውን ደግፎ የሚይዝ ነገር የለም። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየተጨመረበት መሥራት አለበት እንጂ ኳስ ሜዳ ሄዶ የሚሞከር ነገር አይደለም። ግንቡ አሁን አያመውም መባሉን በተመለከተም፣ «ሕመሙ ሄደ ማለት አቅሙ ተመለሰ ማለት አይደለም» ብላለች።

አሠልጣኙ ግንቡ ጉልበት አንሶት እንደማያውቅ ሠራተኛው ሁሉ ምስክር መሆኑን ሲናገሩ፣ ባለሙያዋ ስለ የትኛው ጉልበት እየተነጋገርን እንደሆነ ጠይቃለች። በዚህ ጥያቄ ላይ ረዘም ያለ ውይይት ተደርጓል።

ሊቀመንበሩ ጡንቻው ዓርብና ቅዳሜ የትርፍ ሰዓት ሥራ ቢሠራ ሊደርስ ይችል እንደሆነ አጣርተዋል። ባለሙያዋ ጡንቻ የሚጠነክረው ከሥራው በኋላ ዕረፍት ሲያገኝ መሆኑን አስረድታለች። ሊቀመንበሩ ዐርፎ የሚጠነክር ሠራተኛ በአገልግሎት ዘመናቸው አይተው እንደማያውቁ ተናግረው፣ ንግግራቸው በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ አዝዘዋል። ትእዛዙ ተመዝግቧል።

ግንቡ የራሱን አስተያየት እንዲሰጥ ተጠይቆ የሚከተለውን ተናግሯል፦

«ኳሱ እኔንም ናፍቆኛል። ግን ጋሼ፣ ልጄን ታቅፌ ደረጃ መውረድ እፈራለሁ። ጉልበቴ ድንገት ይከዳኛል። መሰላል ላይ ወጥቼ ነው እንጀራ የምበላው።»

እህቱ ለወንድሟ የሚታሰብ ከሆነ ጉዳዩ እዚህ ላይ እንዲዘጋ ጠይቃለች። ሊቀመንበሩ «እህቴ፣ እዚህ የቤተሰብ ጉዳይ አይነሳም» በማለት አሳስበዋታል። ቀጥሎም ድምፅ ተሰጥቷል። ሊቀመንበሩና አሠልጣኙ ሲደግፉ እህቱ ተቃውማለች። ጸሐፊው እጁ በጽሕፈት ተይዞ ስለነበር ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል።

ውሳኔ፦ የግንቡ ጉልበት ከነገ ጀምሮ እንደዳነ እንዲቆጠር በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። ውሳኔው ለጉልበቱ በቃል ተነግሯል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ባለሙያዋ አገልግሎት

በአጀንዳ 1 በሽተኛው ስለዳነ የባለሙያዋ ሥራ መጠናቀቁን አሠልጣኙ አመልክተዋል። ባለሙያዋ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ የማሽን ሠራተኞችና ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉ የቢሮ ሠራተኞች እሷ ዘንድ እየመጡ መሆኑን፣ ወገባቸውም ልባቸውም በእንቅስቃሴ እንደሚጠነክር ተናግራለች። ሊቀመንበሩ እሳቸው ሃያ ዓመት ተቀምጠው ምንም እንዳልሆኑ ገልጸዋል።

ውሳኔ፦ አገልግሎቱ ከነገ ጀምሮ እንዲቋረጥ፣ ክፍሏም ለካርቶን ማከማቻነት እንዲውል ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ባለሙያዋ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ለማሳየት ፈቃድ ጠይቃ ተፈቅዶላታል። ግንቡን ወንበር ላይ አስቀምጣ በአንድ እግሩ እንዲነሳ ጠይቃዋለች። በጤነኛው እግር ተነስቷል። በተጎዳው እግር ሲሞክር ጭኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ላቡ በግንባሩ ወርዶ ተመልሶ ተቀምጧል።

ሊቀመንበሩ ይህ የፍላጎት ማነስ መሆኑን ገልጸው፣ ኮታቸውን አውልቀው ራሳቸው ለማሳየት ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ባለሙያዋ «ሰውነትዎን ሳያፍታቱ ባይሞክሩት» ብትልም፣ «ተይ የኔ ልጅ፣ እኛ ድሮ ስፖርተኛ ነበርን» የሚል ምላሽ ተሰጥቷታል። ሊቀመንበሩ በአንድ እግራቸው ግማሽ ድረስ ተነስተዋል። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ወደ ካርቶኖቹ ወርደዋል።

ባለሙያዋ ተንበርክካ እግራቸው ይደነዝዝ እንደሆነ ጠይቃ፣ ጣቶቻቸውን አንቀሳቅሳ፣ ጡንቻ መሸማቀቁን አረጋግጣለች። ብዙ ሳይተኙ በሚችሉት መጠን እንዲራመዱ መክራለች። ሊቀመንበሩ መነሳት እንደማይችሉ፣ የአንድ ወር የሕመም ፈቃድ እንደሚያስፈልጋቸው አስታውቀው፣ «ሕመሜን የማውቀው እኔ ነኝ» ብለዋል።

የግንቡ እህት፣ «ወንድሜም የሚለው ይህንኑ ነው» ብላለች።

ከዚያም በአጀንዳ 1 በተሠራበት አሠራር መሠረት የሊቀመንበሩ ወገብ እንደዳነ እንዲቆጠር የውሳኔ ሐሳብ አቅርባለች። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ደግፏል። አሠልጣኙ እጃቸውን ያወጡት በልማድ መሆኑን ኋላ አስረድተዋል። ሊቀመንበሩ ከወለሉ ላይ ተቃውመዋል። ወገቡ በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ ድኗል።

ሊቀመንበሩ እንዲነሱ ተጋብዘው አልተነሱም።

ኮሚቴው በሁኔታው ላይ ሰፊ ውይይት አድርጓል። አሠልጣኙ ምናልባት ውሳኔው ገና ወገቡ ዘንድ አልደረሰ ይሆናል የሚል ሐሳብ አቅርበው ጥቂት ተጠብቋል። ለውጥ አልታየም። በመጨረሻ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፦

1. ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር፤ ጉልበቱም ወገቡም ወደነበሩበት ሕመም ይመለሱ።
2. ግንቡ የሚጫወትበትን ጊዜ ባለሙያዋና እሱ ይወስኑ፤ እሑድ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ይሰለፍ።
3. የባለሙያዋ አገልግሎት ይቀጥል፤ ተረኛው በሽተኛ ወለሉ ላይ ስለሚገኝ ሥራዋን አሁኑኑ ትጀምር።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተበትኗል። ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤውን በተኙበት የፈረሙ ሲሆን፣ «ቀስ በይ የኔ ልጅ» ያሉት ከፊርማው በኋላ በመሆኑ አልተመዘገበም።