አሥራ ሁለቱን ዘፈኖች እኩል ለማድረግ የተካሄደ ስብሰባ

ከኢተያ እስከ ጢቾ ቃለ ጉባኤ በመያዝ የሚስተካከለኝ የለም። ጢቾን እንኳ ሄጄ አላየሁም፤ የኢተያውንም ጸሐፊ አላውቀውም። ቢሆንም የማታውን የመሠረተ ትምህርት ፈተና ሳልኮርጅ ያለፍኩ ስለሆነ ብዕሩ ለእኔ ተሰጥቷል።

ቀን፦ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ቦታ፦ አሰላ፣ የቀበሌያችን መዝናኛ ክበብ አዳራሽ
የተገኙ አባላት፦ ጓድ ገብረወልድ (ሊቀመንበር)፣ ወ/ሮ አሰፋች (ከሴቶች ማኅበር)፣ አቶ ቱፋ (ከፍርድ ሸንጎ)፣ ጓድ ቶላ (ጸሐፊ፣ ማለትም እኔ)
ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ተሻለች (የክበቡን ሻይ የምታፈላ)፣ ከዲሮ (ካሴት ቀጂ)
ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአራቱ ሦስቱ ከተቀመጡ ይበቃል። አራታችንም ተቀምጠናል።

አጀንዳ 1፦ የደንበኛ መጥፋት

ተሻለች ስታስረዳ፣ ማዶ ያለው የፈቃደ ሻይ ቤት የሰሞኑን ዘፈኖች በአንድ ካሴት አስቀድቶ ማሰማት ከጀመረ ወዲህ ወደ እኛ የሚገባው ዝናብ የያዘው ሰው ብቻ እንደሆነ፣ ደንበኛ ካልተመለሰ ክበቡ ሰኞ እንደሚዘጋ ከበላይ እንደተነገራት ገልጻ፣ «እኔና ልጆቼ የት እንግባ ጋሼ?» ስትል ጠየቀች። ሊቀመንበሩ «ጋሼ ሳይሆን ጓድ» በማለት አርመው ችግሩን ተረድተዋል። (ይህን ሁሉ ሳልሰርዝ ነው የጻፍኩት።)

አጀንዳ 2፦ የልዩ ልዩ ዘፋኞች ካሴት

ከዲሮ የአሥራ ሁለት ዘፋኞችን አዳዲስ ዘፈኖች በአንድ ካሴት ቀድቶ አቀረበ። ወ/ሮ አሰፋች ሴቶቹ ሦስት ብቻ መሆናቸውን ቆጥረው «እኛ ለእልልታ ብቻ ነን የተፈጠርነው?» ሲሉ ተቃወሙ። አቶ ቱፋ ኦሮምኛዎቹ ሁሉ በካሴቱ ጀርባ መግባታቸውን ጠቅሰው «አቦ፣ የኛ ተራ ሳይደርስ ባትሪው ያልቃል!» አሉ። ሊቀመንበሩም አንዱ ዘፈን ሰባት ደቂቃ፣ ሌላው ሦስት ደቂቃ መሆኑ የመደብ ልዩነት እንደሆነ አብራሩ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሁሉም ዘፈን አንድ አንድ ደቂቃ ብቻ እንዲደርሰው ተወሰነ። ከዲሮ «ኧረ ጓድ፣ መግቢያው ብቻ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ያልቃል» ቢል፣ «አፉን ያልከፈተ ሰው አያጣላንም» የሚል መልስ ተሰጠው።

አጀንዳ 3፦ ሙከራ

ከዲሮ በሁለት ቴፕ እዚያው አሳጥሮ ቀድቶ አሰማ። ዝናብ ያስገባቸው ሦስት ደንበኞች ዘፈን ሲጀምር ተነሱ፣ ሲቋረጥ ተቀመጡ፤ ሲጀምር ተነሱ፣ ሲቋረጥ ተቀመጡ። በመጨረሻ አንደኛው «ስፖርት ነው እንዴ የምታሠሩን?» ብሎ በዝናቡ ወደ ማዶ ተሻገረ። ሁለቱም ተከተሉት። አቶ ቱፋ ትከሻቸው ወደ ላይ እንደወጣ ዘፈኑ ስለተቆረጠባቸው «አሁን ይሄን ማን ያወርድልኛል?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ተመዝግቧል።

ሊቀመንበሩ ደንበኛ ቢሄድም እኩልነቱ እንደሰመረ ገልጸው ውሳኔው እንዲፈረም አዘዙ። በዚህ ጊዜ ተሻለች እጇን ሳታወጣ፣ «ታዲያ ሰኞ እኩልነቱን ለልጆቼ ቁርስ ላቅርበው?» በማለት ካሴቱን ከቴፑ መንጭቃ አውጥታ ያልተቆረጠውን ከተተች፤ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። በጀርባው ስለገባ ኦሮምኛዎቹ ቀደሙ።

አቶ ቱፋ የጀመሩትን ትከሻ ለመጨረስ ተነሱ። ወ/ሮ አሰፋች እሳቸውን ሊያስቀምጡ ተነሱ፤ አልተመለሱም። ሊቀመንበሩ መስኮት ሊዘጉ ተነሱ። የማዶ ደንበኞች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ግልብጥ ብለው መጡ፤ ፈቃደም ብርጭቆዎቹን ሊያስመልስ መጥቶ ሻይ አዘዘ። ተሻለች በራዱን ትታ በትልቁ ድስት ማፍላት ጀመረች።

የመጨረሻ ውሳኔ

ወ/ሮ አሰፋች ላባቸውን እየጠረጉ ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ ውሳኔው ሳይፈረም ምልዓተ ጉባኤው ከወንበሩ ስለተነሳ፣ ዛሬ የተወሰነው በሙሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ካሴቱ እንዳለ እንዲሰማ፣ ክበቡም ሰኞ በተሻለች እጅ እንዲከፈት በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል። ስብሰባው 11 ሰዓት ተኩል ላይ የተበተነው ወንበሮቻችን በደንበኛ ስለተያዙ ነው።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኩት፣ ሊቀመንበሩ መስኮት ሊዘጉ ተነሱ ያልኩትን ብቻ ነው። አዳራሹ ድሮ የስንዴ መጋዘን ስለነበር መስኮት የለውም።