የፀሐይ አዋቂው ለጋብቻ ሲሄድ

ከፈረንጅ አንድ ነገር ሰምቶ አገሩን ሁሉ ካላስተማርኩ የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ያ ሰው እኔ ነኝ።

አንኮበር የከረመ አንድ ፈረንጅ የፀሐይ ገላ ድርብርብ መሆኑን ነገረኝ። የምናየው ብርሃን ቆዳዋ ነው፤ በላዩ ቀጭን ቀይ ልባስ አለ፤ ከዚያ ውጪ ደግሞ ፀሐይ ስትጨልም ብቻ የሚታይ ነጭ አክሊል አላት። ይህን ይዞ ዝም ይባላል?

ያን ሰሞን ደብረ ብርሃን ያለች ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ብልክ፣ አባቷ «ራሱ ይምጣና ልየው» አሉ። ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ቆመው «ምን ታውቃለህ፣ ልጄ?» ቢሉኝ፣ «የፀሐይን ገላ» አልኳቸው።

«እስቲ አሳየኝ!»

በጠራራው ቀትር ቀና ብዬ ቆዳዋን፣ ልባሷን፣ አክሊሏን ዘረዘርኩ። አንዱንም አላየሁም፤ እንባዬ ግን ወረደ። ስጨርስ ዓለም ጨልሞብኝ ነበርና፣ በዳበሳ ተንበርክኬ ያገኘሁትን ጉልበት ሳምኩ።

«ጌታዬ፣ ልጅዎን ይስጡኝ!»

«ልጄ» አሉ ከኋላዬ፣ «እሷ በቅሎዬ ናት፤ የምትሰጥህ ልጅ የላትም።»

ልጅቱ ከቤት ውስጥ በሳቅ ፈነዳች። አባቷም «ካሳቅሃትስ ውሰዳት» አሉኝ።

ዛሬም ጎረቤት ሰብስቤ ስለ ፀሐይ አስተምራለሁ። የሚጠይቁኝ ግን በቅሎዋ ምን መለሰችልህ እያሉ ነው።